መቀጮ፣ ወንጀልና ካሳ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በአማኑኤል በኩል ወደ ደምበጫ የሚወስደው አስፋልት የመኪና ብቻ መንገድ አይደለም። ገበያተኛው ከነአህያው፣ ተማሪው ከነደብተሩ፣ ለቀስተኛውም እረኛውም የሚሄድበት ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ አደጋ በደረሰ ጊዜ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ የሾፌሩ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የእግረኛውም ነው። በልማዳችን ግን ሦስት ነገሮች እንደ አንድ ነገር ይቆጠራሉ፤ እነርሱም ደንብ ለተላለፈ የሚጣለው መቀጮ፣ ለወንጀል የሚፈረደው ቅጣትና ለተጎዳው ሰው የሚገባው ካሳ ናቸው። በሕግ ዘንድ ሦስቱም የየራሳቸው በር አላቸው፤ አንዱ ስለ ተከፈለ ሌላው ቀረ ማለት አይደለም።

ለምሳሌ ያህል አንድ አይሱዙ በጭነቱ ላይ ሰው አሳፍሮ ሲበር ከገበያ የሚመለስ ገበሬ ገጨ እንበል።

በመጀመሪያ መቀጮው አለ። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ጥፋቶችን በየደረጃው ከፍሎ የገንዘብ ቅጣት ወስኗል፤ ጥፋቱም በነጂው መዝገብ ላይ ይያዝና ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ ያሳግዳል። የብሩን ልክ እዚህ አልዘረዝርም፤ ደንቡ በተሻሻለ ቁጥር ይለወጣልና። ሊስተዋል የሚገባው ነገር ግን ትራፊክ ፖሊሱ ከሳሽ እንጂ ፈራጅ አለመሆኑ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግም ለደንብ መተላለፍ አጭር መንገድ አበጅቷል፤ ጥፋቱን የሚያምን ሰው ችሎት ሳይቆም በጽሑፍ ማመን ይችላል፤ የማያምን ግን ቀርቦ ይከራከራል። ሾፌሮች «አንድ ቀን ችሎት ከምውል ከፍዬ ልሂድ» ይላሉ። በቀን ገቢ የሚያድር ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ያለ ደረሰኝ በእጅ የሚጨበጥ ብር ግን መቀጮ አይባልም፤ ጉቦ ነው፤ ሰጪውም እንደ ተቀባዩ ይጠየቅበታል።

ሁለተኛው ወንጀሉ ነው። ገበሬው ቢሞት ነገሩ ወደ 1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 543 ይሄዳል። ሾፌር በሙያው የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ስላለበት በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት በቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ቢሞት፣ ወይም ነጂው ጠጥቶ ቢሆን፣ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብ እያወቀ ጥሶ ቢሆን ግን ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ትናንት በጥቂት ብር የታለፈች የፍጥነት ጥፋት ዛሬ ሰው ሲሞት አንዱን ዓመት ወደ አምስት ልታሻግር ትችላለች።

ሾፌሩ ገጭቶ ሲሸሽ ጨካኝ ነው ይባላል። እውነቱን ለመናገር ብዙዉ የሚሸሸው የሟች ወገን ደም ይመልሳል ብሎ ስለሚፈራ ነው። ሕጉ ይህን ፍርሃት ምክንያት አድርጎ ከግዴታው አይፈታውም፤ ቆሞ የተጎዳውን መርዳትና ለፖሊስ ማስታወቅ አለበት። በአንቀጽ 575 መሠረት በአደጋ ላይ ያለን ሰው ሳይረዱ መተው ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ የጎዳው ራሱ ጥሎ ሲሄድ ደግሞ ይከብዳል። በስፍራው መቆየት በእውነት ለነፍሱ የሚያሰጋው ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት፣ የተጎዳውን ጭኖ ወደ ሐኪም ቤት፣ ከዚያም በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ነው ያለበት። ሲያዝም መብት አለው፤ የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ ዝም ማለት ይችላል፤ በ48 ሰዓት ውስጥም ዳኛ ፊት ይቀርባል። ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው የመንገድ ጊዜ አይቆጠርም፤ ይህም ዓባይ በረሃ ውስጥ ለተያዘ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

ሽማግሌዎች ገብተው ሁለቱን ወገን ቢያስታርቁ መልካም ነው፤ ዕርቁ ግን የዐቃቤ ሕግን ክስ አይዘጋም። ከንቱ ግን አይደለም፤ አንቀጽ 82 ተጸጽቶ የተጎዳውን የረዳ፣ እጁን የሰጠና የካሰ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ያዛል።

ሦስተኛውና ብዙ የሚረሳው ካሳው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት፣ ሌላ ሰው ቢነዳውም እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ከደጀን ወደ ዓባይ ቁልቁል ሲወርዱ ፍሬን መበጠሱ የተለመደ ምክንያት ነው፤ በወንጀሉ ችሎት ሊሰማ ይችል ይሆናል። በካሳው ግን አይረዳም፤ ቁጥር 2086 «ጥፋት የለብኝም፣ ልከለክለው አልቻልኩም» የሚለውን ክርክር አይቀበልም፤ ባለቤቱን የሚያድነው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ብቻ ነው። ሁለት መኪናዎች ከተጋጩም ሌላ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ሁለቱ እኩል እንዳጠፉ ይቆጠራል።

የሟች ሚስት፣ ልጆችና ወላጆች በእርሱ ይተዳደሩበት የነበረውን መተዳደሪያ መጠየቅ ይችላሉ። ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ግን በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሕጉ በወጣ ጊዜ ይህ ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የሐዘንተኛ እንጀራ እንኳ አይችልም፤ ሊሻሻል ይገባዋል ባይ ነኝ። የሦስተኛ ወገን መድን በዐዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ገጭቶ ለጠፋ ወይም መድን ለሌለው መኪና ደግሞ የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። «ሾፌሩ ጠፍቷልና ማንን እንከሳለን» ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ እንግዲህ አያስፈልግም።

ቀኑ ግን ያልፋል። ቁጥር 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል፤ ወንጀሉ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው በእርሱ ይቆጠራል፤ ያን ተማምኖ መተኛት ግን አይበጅም። አርባው፣ ተዝካሩ፣ ሙት ዓመቱ ሲያልፍና ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ሲያራዝሙ ሁለት ዓመት ሳይታወቅ ይሄዳል። ስለዚህ የሟች ወገን ገና ከመጀመሪያው ሳምንት የታርጋ ቁጥሩን፣ የሐኪሙን ወረቀት፣ የፖሊሱን የአደጋ ፕላንና የመድን ሰጪውን ስም መያዝ አለበት፤ ሽምግልናው እየተካሄደም ማመልከቻውን ከመዝገብ ቤት ማስገባት ይችላል።