ለልብ ወለድ ሕዝብ ስም ስለ ማውጣት

ድርሰት መጻፍ የምንወድ ተማሪዎች አንድ የጋራ ችግር አለብን። ታሪካችንን በሌለ አገር፥ በሌለ ሕዝብ መካከል ስናደርገው ለአገሩ ተራራና ወንዝ፥ ለንጉሡም ዘውድና ሠራዊት ለመስጠት ምንም አይቸግረንም፤ ከሰዎቹ ስም ላይ ስንደርስ ግን ብዕራችን ይቆማል። በአሜሪካ አገር «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 ታትሞ ከወጣ ወዲህ በብዙ አገር ያሉ ወጣቶች በጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው፥ እያንዳንዱ የአንድ ጀግና ቦታ ይዞ፥ በሌለ ዓለም ውስጥ በቃል እየተጓዘ ይጫወታል። እነርሱም ከዚሁ ችግር አላመለጡም። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ለጆሮ እንግዳ የሆነ ድምፅ መፈለግ ነው፤ «ዛርጎን» ወይም «ክራልታ» ይልና ያልፋል። ነገር ግን ለዛርጎን ስሙን ማን አወጣለት? በስንት ቀኑ? ስለ ምን? ተብሎ ቢጠየቅ ደራሲው መልስ የለውም። መልስ ከሌለው ደግሞ ዛርጎን እናት የለውም ማለት ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጧት ጧት መምህሩ የክፍላችንን ስም ሲጠሩ ማዳመጥ ይበቃል። በእኛ አገር ስም ማለት አንድ ሰው በአንድ ቀን፥ በአንድ ምክንያት የተናገረው ቃል ነው። ግዛቸው፥ አስፋው፥ ደምሰው ትእዛዞች ናቸው፤ አባት ልጁን ገና በእቅፍ ሳለ ያዝዘዋል። ጥላሁን ምርቃትም ልመናም ነው። ስንታየሁ ግን ልጁን ፈጽሞ አያነሣም፤ እናት ያየችውን መከራ ትቈጥርበታለች። ካሣ፥ ምትኩ፥ ተካልኝ፥ ፈንታ፥ ማስረሻ ከሚባሉት ስሞች በስተኋላ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው፥ ይልቁንም የሌላ ሕፃን መቃብር አለ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ቢያድግልኝ የሚለው ስም ነው። ዐረፍተ ነገሩ አላለቀም፤ «ቢያድግልኝ» ብሎ ጀምሮ «ምን ነበረበት» ሳይል ቆሟል። ልጁ አድጎ፥ አግብቶ፥ ሸምግሎ እንኳ ሰው በጠራው ቍጥር የእናቱ ፍርሃት ይሰማል። ሕፃናት በኩፍኝና በትክትክ የማይሞቱበትን አገር የፈጠረ ደራሲ ይህን ስም ሊያወጣ አይችልም፤ ስሙን ከፈለገ አስቀድሞ በሽታውን ወደ አገሩ ማስገባት አለበት።

ደግሞም አንድ ሰው አንድ ስም ብቻ የለውም። ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ካህኑ ሌላ ስም ይሰጧቸዋል፤ ይኸውም ገብረ ማርያም፥ ወልደ ጊዮርጊስ፥ ወለተ ሥላሴ እንደሚባለው ነው። በዚህ ስም ሰው በቍርባንና በፍትሐት ጊዜ ይጠራበታል እንጂ በገበያ አይጠራበትም፤ መተተኛ እንዳይሰማባቸው የሚደብቁትም አሉ። በጦር ሜዳ ደግሞ የፈረስ ስም ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀም አባ ኮስትር ይባሉ ነበር። በመጨረሻም የመንግሥት ስም አለ። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ የጎጃም ንጉሥ ሲሆኑ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። (ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ከመንገሣቸው በፊት ስማቸው ካሣ እንደ ነበረ ልብ ይሏል፤ ካሣ የነበረ ሰው ሲነግሥ ስሙን ይለውጣል፥ የወጣበት ኀዘን ግን በእናቱ ዘንድ ይቀራል።) እንግዲህ ለጀግናው ስም የሚያወጣ ደራሲ «ማን ይባላል?» ብሎ ብቻ አያቁም፤ «እናቱ ምን ትለዋለች? ቄሱስ? ጠላቱስ?» ብሎ ይጠይቅ።

የቤተ ሰብ ስም ስለሌለን የልጅና የአባት ስም ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የሁለት ትውልድ ንግግር ይገናኛል። ይህን ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ አሳምረው ያውቁበታል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በባላባቱ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ለተነሡት ገበሬዎች መሪ ያወጡለት ስም አበጀ በለው የሚል ነው። ሁለቱ ስሞች እያንዳንዳቸው በየመንደሩ የሚገኙ ናቸው፤ ሲገናኙ ግን የሰልፍ ጩኸት ይሆናሉ። ካሣ ዳምጤንም የአገሩ ሰው «ጉዱ ካሣ» ይለዋል፤ እብድ ነው ብሎ የፈረደበት ሕዝብ ፍርዱን ከስሙ ፊት ለጠፈበት።

ስለ ልብ ወለድ ስም ስንናገር ግን እኛ ጎጃሞች ሌላ ጉዳይ አለብን፤ ሌሎች ሰዎች ደግሞ እኛን ልብ ወለድ አድርገውናልና። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1759 ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል መጽሐፍ አሳተመ። አገራችንን አላየም፤ የሚያውቃት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን እዚህ ከነበረው ከፖርቱጋላዊው ጀሮም ሎቦ የጉዞ መጽሐፍ ነው፤ ያንንም እ.ኤ.አ. በ1735 ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞት ነበር። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም፥ የጎጃሙ ገዥ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ይነሣሉ። ጆንሰንም ማዕረጉን ከስሙ ጋር አጣብቆ፥ የቀረውን ቈርጦ፥ ልዑሉን «ራሴላስ» አለው። የልዑሉ መምህር ደግሞ ኢምላክ ይባላል፤ ይህም ይኵኖ አምላክ የሚለው ስም በአውሮፓውያን መጻሕፍት «ኢኮን ኢምላክ» ተብሎ ከተጻፈው እንደ መጣ ይታሰባል። እንግዲህ ይታያችሁ፤ ሥዕለ ክርስቶስ ማለት የክርስቶስ ሥዕል ነው፥ ክርስቶስ ተቈርጦ ቀረና ሥዕሉ ብቻውን ሄደ። ይኵኖ አምላክ ማለት አምላክ ይሁነው ማለት ነው፥ ምርቃቱ ተቈርጦ ቀረና አንድ መምህር አምላክ ተብሎ ተቀመጠ። ዛሬም ቢሆን ዐፄ ኃይለ ሥላሴን «ሥላሴ» ብቻ ብለው የሚጽፉ የውጭ ጸሐፊዎች አይጠፉም።

መጽሐፉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ ለእናቱ ቀብር ወጪ ሲል በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጻፈው የሚባልለት ሰው ከዚህ የበለጠ ሊጠነቀቅ ባይችልም አይፈረድበትም። ሆኖም የአንድ ሕዝብ ስም ከድምፁ ብቻ ሲወሰድ ምን እንደሚጐድል ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ እኛ ደግሞ ለፈጠርነው ሕዝብ እንዲህ ልናደርግበት አይገባንም። እንግሊዛዊው የቋንቋ መምህር ቶልኪን ለልብ ወለድ ሕዝቦቹ በቅድሚያ ቋንቋ ሠርቶ ስማቸውን ከዚያ ያወጣ ነበር። እኛ ያን ያህል መድከም ባንችል እንኳ ልማዱን አስቀድሞ መሥራት እንችላለን።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሕዝብ እንፍጠር፤ ማዕዶቶች እንበላቸው። የሚኖሩት እንደ ዓባይ ባለ ጥልቅ ሸለቆ፥ በመሻገሪያው አጠገብ ነው። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ልጅ ሲወለድ ወላጆቹ ስም አያወጡለትም፤ ከማዶ ተሻግሮ የሚመጣ የመጀመሪያው ሰው ያወጣለታል። እስከዚያ ድረስ ልጁ «እንግዳ» ይባላል። ስም ያወጣው ሰው ከአባትየው ጋር ጨው ይቀምሳል፤ ስሙንም ከእርሱ በቀር ማንም ሊለውጠው አይችልም።

ከዚህ አንድ ሕግ ምን ያህል ነገር እንደሚፈልቅ ተመልከቱ። የአንድ እናት ልጆች ስማቸው አይመሳሰልም፤ አንዱ የነጋዴ፥ አንዱ የመነኵሴ፥ አንዱ የሽፍታ ስም አለው። ከማዶ የመጣን ሰው መግደል ነውር ነው፤ ያልተሰየመ ልጅ ያላት እናት ትጠብቀዋለችና። ወንዙ ሞልቶ ማንም በማይሻገርበት በክረምት የሚወለዱ ልጆች እስከ መስከረም ያለ ስም ይቈያሉ፤ በዚያ መካከል የሞተ ሕፃን ያለ ስም ይቀበራል። ስለዚህ በማዕዶቶች አገር ነሐሴ ሴቶች የሚፈሩት ወር ነው፥ የመስከረምን የመጀመሪያ ተሻጋሪም ሕፃናት የታቀፉ ሴቶች ውኃው ዳር ወርደው በእልልታ ይቀበሉታል።

ታሪኩም ከዚሁ ይመጣል፤ ደራሲው ሌላ ቦታ ሄዶ መፈለግ የለበትም። አንድ ዓመት በመስከረም የተሻገረው ሰው የማዶው ንጉሥ ሰላይ ነበረ። በነጋዴ ልብስ መጥቶ፥ አገሩን አይቶ፥ ጨው ቀምሶ ሲመለስ ሕፃኑን አቀረቡለት። እርሱም ጥቂት አሰበና «ጠብቀኝ» ብሎ ሰየመው። እናትየው ለልጇ አደራ የሰጠው መስሏት አለቀሰች። ከ20 ዓመት በኋላ ሰውየው ብዙ ጦር አስከትሎ ማዶ ሲደርስ፥ በዚህ በኩል ጠብቀኝ ጋሻውን አንሥቶ በመሻገሪያው ላይ ቆሟል።