የእጅ ሙያ ትምህርት፦ እርሳስ በሌለው ሶልደር መሥራት



በመጠለያ ጣቢያ ሬዲዮ፣ የእጅ ስልክና የፀሐይ ፋኖስ የሚጠግን ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ቤተሰቡ በሚበላበትና በሚተኛበት በዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ የዛሬው ትምህርት ለጠጋኙ ብቻ ሳይሆን አብረውት ለሚኖሩ ሕፃናትም ይጠቅማል።

1. የሶልደር ዓይነቶች

ሶልደር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃን እግር ከሰሌዳው ጋር ለማያያዝ የሚቀልጥ ቅይጥ ብረት ነው። የቆየው ዓይነት 60 በመቶ ቲንና 40 በመቶ እርሳስ አለው፤ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቅለጥ ይጀምራል። እርሳስ ስንል ከባዱን ማዕድን ማለታችን ነው። የተማሪ እርሳስ ስሙን ቢይዝም በውስጡ ያለው ግራፋይት ነው።

እርሳስ የሌለው አንዱ ዓይነት 99.3 በመቶ ቲንና 0.7 በመቶ መዳብ ሲሆን የሚቀልጠው በ227 ዲግሪ ነው። ስትገዙ ጥቅሉን አንብቡ፤ 60/40 ወይም 63/37 የሚል ከሆነ፣ ወይም «ፒ ቢ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉበት፣ እርሳስ አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ላይ እርሳስ ያለበትን ሶልደር ከልክሏል። ከዚያ በፊት የተሠሩ ሬዲዮኖች ግን በአብዛኛው እርሳስ አለባቸው።

2. ጉዳቱ በየት ይገባል?

ብዙ ሰው የሚፈራው ጢሱን ነው። ነገር ግን እርሳስ የሚፈላው ከ1,700 ዲግሪ በላይ በመሆኑ በጢሱ ውስጥ ከቶ የለም ለማለት ይቀርባል። ጢሱ በሶልደሩ ውስጥ ያለው የፍለክስ ሙጫ ጢስ ነው፤ አስም ስለሚያስነሳ እሱም ቢሆን አይናቅም።

እርሳስ የሚገባው በእጅ በኩል ነው። ሽቦውን የያዘ ጣት ሳይታጠብ እንጀራ ይቆርሳል። የረገፈው ፍርፋሪ መሬት ላይ ይቀራል፤ የሚድኸው ሕፃን ያነሣና ወደ አፉ ይከተዋል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ከነፍሰ ጡር እናትም ወደ ፅንሱ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም።

3. አሠራሩ

ሀ/ በአሮጌ ሰሌዳ ላይ ስትሠሩ የቀድሞውን ሶልደር አቅልጣችሁ አንሡ። ካልተነሣ በላዩ አዲስ ብትጨምሩም መጋጠሚያው እርሳስ እንዳለበት ይቀራል።

ለ/ የማቅለጫው ጫፍ 350 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። መለኪያ ከሌላችሁ ሽቦው የጸዳውን ጫፍ እንደነካ መቅለጥ አለበት።

ሐ/ ጫፉ እግሩንና ሰሌዳውን በአንድነት ይንካ፤ ሶልደሩን ወደ መጋጠሚያው ስጡ። ከ2 እስከ 4 ሰኮንድ ይበቃል። ቢዘገይ በሰሌዳው ላይ ያለው መዳብ ይላቀቃል።

መ/ እስኪረጋ ድረስ አታንቀሳቅሱት። እርሳስ የሌለው መጋጠሚያ ደብዘዝ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ በብልጭታው አትፍረዱ። እግሩን ዙሪያውን ከያዘና እንደ ኳስ ካልተድቦለቦለ ደህና ነው።

ሠ/ ስትጨርሱ ጫፉን አዲስ ሶልደር ቀብታችሁ አስቀምጡ። የበለጠ ሙቀት ጫፉን ቶሎ ይበላዋልና። በሞረድ ግን አትሞርዱት።

4. እርሳስ ያለበት ብቻ ቢገኝስ?

እርሳስ የሌለው ዋጋው ይወደዳል፤ ሁልጊዜም አይገኝም። እንዲህ ሲሆን ልጆች በሌሉበት፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ሥሩ። ከሥርችሁ ካርቶን አንጥፉ። ፍርፋሪውን ክዳን ባለው ጣሳ ሰብስቡ እንጂ ምድጃ ውስጥ አትጣሉ። መሬቱን በደረቁ አትጥረጉ፤ ገበታውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሶልደርን ምግብ በሚበስልበት ዕቃ ፈጽሞ አታቅልጡ።

እርሳስ የሌለውን ብትጠቀሙም የፍለክሱ ጢስ አይቀርም። ፊታችሁን ከጢሱ በላይ አታድርጉ።

ጥያቄዎች

1. የብየዳ ጢስ ከምን ይነሣል?
2. እርሳስ ወደ ሕፃን አፍ የሚደርስባቸውን ሁለት መንገዶች ጥቀሱ።
3. መጋጠሚያው ደብዛዛ ሲሆን ደህና መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?