የቲምን መዘየርና የቲምን መንከባከብ

 

ባለፈው ረመዷን ከጀመዓችን ጥቂቶቻችን ገላን ውስጥ ወላጅ ያጡና አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ወደሚያድጉበት አንድ ማዕከል ሄደን ነበር። ቴምር፣ ሳሙናና ደብተር ይዘን ሄድን፤ አብረን አፈጠርን፤ ፎቶ ተነሥተን በዚያው ሌሊት ቴሌግራም ላይ ለቀቅነው። ልንወጣ ስንል በክራንች የሚሄድ አንድ ልጅ «መቼ ትመለሳላችሁ?» አለን። «ኢንሻአላህ በቅርቡ» አልነው። የክራንቹ ጎማ አልቆ ሲሚንቶው ላይ ሲያንሸራትተው አይተናል። ምህንድስና የምንማር ሆነን ጎማውን የቀየረለት የለም። ዐረፋ አለፈ፤ ፈተና መጣ፤ አልተመለስንም። ኢንሻአላህን ማምለጫ አደረግነው፤ አላህ ይማረን። የዛሬው ትምህርታችን የሚነሣው ከዚህ ጥፋታችን ነው።

1ኛ፦ የቲሙን ያሳደገችው ሐበሻ

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የቲም ነበሩ። ሳይወለዱ አባታቸው ሞተ። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው አሚና ከመዲና ሲመለሱ አብዋእ ላይ አረፈች። ከዚያ መካ ያደረሰቻቸው ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ናት። ካደረሰቻቸውም በኋላ ከአጠገባቸው አልራቀችም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይዘይሯት ነበር፤ ከእርሳቸው በኋላም አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ) ዘይረዋታል። ከመካከላችን ከምረቃ በኋላ ውጭ ሀገር ሄደው የቲሞችን በበጎ ፈቃድ ማገልገል የሚመኙ አሉ። ኒያው መልካም ነው። ይሁንና ከሀገሯ ርቃ የቲም ያሳደገችው እናታችን ሥራ የሁለት ሳምንት አልነበረም።

2ኛ፦ ሐበሻ ምድር የተወለደው የቲም

ዐብደላህ ኢብን ጀዕፈር (ረ.ዐ) የተወለደው ወላጆቹ ወደ ሐበሻ በተሰደዱበት ጊዜ ነው። አባቱ ጀዕፈር በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ሙእታ ላይ ሲገደል ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ልጆቹ ሄዱ፤ አቅፈው አለቀሱ፤ ለቤተሰቡም ምግብ እንዲሠራ አዘዙ። እናታቸው ስለ ልጆቹ የቲምነት ስታነሣ ደግሞ ኃላፊያቸው እርሳቸው መሆናቸውን ነገሯት። ምግቡ ለዚያ ቀን ነበር፤ ኃላፊነቱ ግን ለሕይወት ነው። እኛ ምግቡን ብቻ ይዘን ሄድን።

3ኛ፦ ዐይነ ስውሩ ሙአዚን

ሱረቱ ዐበሰ የወረደችበት ምክንያት ዐይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብን ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ነው። እርሱ የመስጂዱ ሙአዚን ነበር፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዞ ሲወጡም መዲና ላይ ተክተውት ይሄዱ ነበር። ስለዚህ አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ማዘኛ አናድርገው፤ የሚችለውን እንዲሠራ መንገዱን እንክፈትለት።

ሸሪዓችን የቲምን ስናሳድግ የአባቱን ስም እንዳንቀይርበትና ንብረቱን እንዳንነካበት ያዘናል (አል አህዛብና አን ኒሳእ ሱራዎችን ይመልከቱ)። የሀገራችን ፓርላማም በ2010 ዓ.ም ለውጭ ዜጎች ልጅ በጉዲፈቻ መስጠትን ከልክሏል። ልጆቹ እዚሁ የሚያድጉ ከሆነ ኃላፊነቱም የእኛው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሀ) ብዙ ሆነን አንድ ቀን ከምንሄድ፣ አምስት ሆነን በወር ሁለት ቅዳሜ፣ ዓመቱን ሙሉ እንሂድ። የሚሄዱት ሰዎች አይቀያየሩ፤ ልጅ የለመደው ሰው በየጊዜው ሲጠፋበት ይጎዳል።

ለ) የሚያስፈልገውን ማዕከሉን እንጠይቅ፤ የማዕከሉንም ደንብ እናክብር።

ሐ) ሙያችንን እንስጥ። መናገሻ ያለው ቼሻየር ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ድጋፍ ሰጪ መሣሪያ በመሥራት ይታወቃል። እኛም የዊልቸር ጎማና ፍሬን መጠገን አያቅተንም። 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው ደረጃ 2 ሜትር ከ40 የሚረዝም መወጣጫ ቢሠራ ልጁ ሰው ሳይገፋው ይወጣል፤ ይህ 1 ለ 12 የሚባለው ልክ ነው።

መ) ፎቶ ይቅር። የልጁን ክብር ከመጠበቅም በላይ ለኒያችን ይሻላል።

የፊታችን ቅዳሜ ከዙሁር በኋላ ከመስጂዱ በር ላይ እንገናኝ። የክራንች ጎማ ገዝተናል፤ ይቅርታም እንጠይቃለን። አላህ ሥራችንን ለእርሱ ብቻ ያድርግልን፤ ጽናቱንም ይስጠን። አሚን።