ዓለም አቀፍ ግንኙነት ለመማር ከመመዝገብ በፊት

«ዓለም አቀፍ ግንኙነት ልማር ነውና ገንዘብ ላኪልኝ» የሚል ወንድም ወይም ልጅ ያላት እህት ከመካከላችሁ አትጠፋም። ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለበት ዛሬ አብረን እናጥና።

ትምህርቱ መንግሥታት እንዴት እንደሚዋዋሉ፣ እንደሚጣሉና እንደሚታረቁ የሚያስረዳ ነው። ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል የሆነው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1919 በዌልስ አገር ነው። ስሙ በየቦታው ቢመሳሰልም ውስጡ ይለያያል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከፖለቲካ ሳይንስ ጋር አጣምሮ ያስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ዶሃ የተከፈተው የጆርጅታውን ቅርንጫፍ ግን ታሪክንና ኢኮኖሚን ያስገባበታል፤ የውጭ ቋንቋም ግዴታ ነው። ክፍያው፣ የገንዘብ ድጋፍ ካልተገኘ፣ በቤት ሠራተኛ ደመወዝ የሚሞከር አይደለም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ስለሚሰጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የምታርፍ እህትም ልታስበው ትችላለች፤ ሆኖም ጠንካራ እንግሊዝኛና የፈተና ክፍያ ይጠይቃል።

እኛ ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ የኮርሶቹን ዝርዝር ማየት ይሻላል እንላለን። ዓለም አቀፍ ሕግ አለበት? የቆንስላ ሥራስ? እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት፣ በሰው አገር የታሰረ ሰው ከጠየቀ ለአገሩ ቆንስላ ሳይዘገይ እንዲነገርለት ያዛል። ይህን አንቀጽ አጥንቶ የወጣ ልጅ ነገ ኤምባሲ ቢቀጠር፣ ከመስኮቱ ወዲህ ቆማ ፓስፖርቷን የምትጠይቀውን እህት በምን መብት እንደሚረዳት ያውቃል። ዓረብኛ ወይም ፈረንሳይኛ ቢጨመርበት ደግሞ ሥራ ፍለጋው ይቀላል። ንድፈ ሐሳብ ብቻ የሞላበት ዝርዝር ግን ለቀጣይ ትምህርት እንጂ ለእንጀራ ብዙም አይረዳም።

አገር ቤት የግል ኮሌጅ ከሆነ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የእውቅና ፈቃድ ያለው ለዚሁ ትምህርትና ለዚያው ካምፓስ መሆኑን አስጠይቁ፤ ኮሌጁ በሌላ ትምህርት ፈቃድ ማግኘቱ አይበቃም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ስለሆነ፣ ከኮሌጁ ስንት ተማሪ እንዳለፈም ይጠየቅ። ክፍያውን በየወሰነ ትምህርቱ፣ ቢቻል በቀጥታ በኮሌጁ ሒሳብ ላኩ፤ ደረሰኙም በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ይላክላችሁ።