«ይቤ»፦ ያለፈውን የሚናገር ጥንታዊ ግሥ

ወንጌል በግዕዝ ሲነበብ «ይቤ»፣ «ይቤሎ»፣ «ይቤሎሙ» የሚሉትን ቃላት ደጋግመን እንሰማለን። በ«ይ» ስለሚጀምሩ «ይላል» ብለን እንዳንተረጕማቸው መጠንቀቅ ይገባናል። «ይቤ» ማለት «አለ» ነው፤ ለ«ይላል» ግዕዝ «ይብል» የሚል ሌላ ቃል አለው።

የቃሉ ሥር «ብህለ» ነው። በ«ይቤ» ላይ «ህ» እና «ለ» ቢጠፉም፣ «ይቤሉ» (አሉ) ስንል «ለ» ተመልሶ ይታያል። የአማርኛው «አለ»ም ከዚሁ ሥር ወጥቶ «በ»ን ጥሏል፤ «ብሎ»፣ «በል»፣ «ተባለ» ግን ጠብቀውታል። በጎንደር ከተማም ሆነ በደጋው አድባራት ያማረ ቅኔ ሲሰማ የሚባለው «ይበል!» የዚሁ ግሥ ትእዛዝ ነው።

ታዲያ «ይ» ስለ ምን ያለፈውን አመለከተ? ጥንታውያን ሴማዊ ቋንቋዎች ያለፈውን ድርጊት በዚህ መልክ ይገልጡ ነበር፤ በኦሪት ዘፍጥረት የሚደጋገመው የዕብራይስጡ «ዋዮሜር» (አለም) አንዱ ምስክር ነው። ግዕዝ ይህን ስልት በሌሎች ግሦች ትቶ በ«ይቤ» ብቻ አስቀርቶታል።

ነገሩ የሰዋስው ብቻ አይደለም። በፍጥረት መጀመሪያ እግዚአብሔር «ይቤ» ሲባል፣ ቃሉ ተነግሯል፤ ሥራውም ተፈጽሟል። ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወገኖቻችን ሆይ፤ የተፈጸመውን ገና እንደሚጠበቅ አድርገን እንዳናስተምር ይህችን ትንሽ ቃል አስተውለን እናንብባት።