ሥጋውን ያከፋፈለው እጅ
ስለ ሥልጣንና ስለ መሪነት የቀረበ የጥናት ትምህርት

የትምህርቱ ዓላማ፦ ለሌሎች የሚሰጥ ነገር በእጁ ያለ ሰው እንዴት ገዥ ሊሆን እንደሚችል አስተውለን ራሳችንንና አሠራራችንን እንድንመረምር ነው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ዊልያም ጎልዲንግ መምህር ነበረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በአገሩ ባሕር ኃይል አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1954 «የዝንቦች ጌታ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ፤ በ1983 ደግሞ የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለ። መጽሐፉ በጦርነት ጊዜ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ሰው በማይኖርበት ደሴት ላይ ስለ ወደቁ ልጆች ይተርካል። አብሯቸው አንድም ትልቅ ሰው የለም። በዚህ ትምህርት ከልጆቹ መካከል ጃክ የተባለውን እንመለከታለን። ይህ ልጅ በድምፅ ሳይመረጥ ገዥ የሆነበትን መንገድ ማወቅ ለጉባኤም ለፕሮጀክት ሠራተኛም ይጠቅማል።

ሀ/ ጃክ ያጣው ሥልጣን

ራልፍ የተባለው ልጅ ዛጎል ነፍቶ ሁሉን ሰበሰበ። ልጆቹም እጃቸውን በማውጣት አለቃ አደረጉት፤ በስብሰባም ዛጎሉን የያዘ ብቻ እንዲናገር ደንብ ወጣ። ጃክ የመዘምራን አለቃ ስለ ነበረ ሹመቱ ለእርሱ የሚገባ መስሎት ነበርና እጅግ አፈረ። ራልፍ ሊያጽናናው ብሎ መዘምራኑን ለእርሱ ተወለት፤ እነርሱም አዳኞች ሆኑ። እንግዲህ ዛጎሉ በራልፍ እጅ፣ ቢላዋው በጃክ እጅ ሆነ።

ለ/ ጃክ ያገኘው ሥልጣን

መርከብ እንድታያቸው በተራራው ላይ የሚነደውን እሳት መጠበቅ የአዳኞቹ ኃላፊነት ነበር። አንድ ቀን እሳቱን ትተው አሳማ ለማደን ሄዱ። በዚያው ሰዓት መርከብ አለፈች፤ ጢስ ግን አልነበረም። ራልፍ ተቆጣ፤ ነገር ግን ሥጋው ሲጠበስ እርሱም ተርቦ ነበርና በላ። ጃክ ለሁሉ ሲያድል ፒጊ የተባለውን፣ መነጽር የሚያደርገውን ልጅ ዘለለው። ሳይመን የተባለው ልጅ የራሱን ቁራጭ ለፒጊ ሰጠ። ያን ጊዜ ጃክ በንዴት ሌላ ሥጋ ቆርጦ ለሳይመን ወረወረለትና እንዲበላ አዘዘው።

ልብ እንበል፤ ሥጋው አልጎደለም ነበር። ጃክን ያስቆጣው ሌላ ሰው ያለ እርሱ ፈቃድ መስጠቱ ነው። በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል፤ ይህ ግን ከመብላት የረቀቀ ነገር ነው። የሚበላው ሹም ይታወቃል፤ እያበላ የሚገዛው ግን ደግ ይመስላል።

ሁለተኛው መሣሪያው ፍርሃት ነበር። ሕፃናቱ በደሴቱ አውሬ አለ ብለው ይፈሩ ነበር። ጃክ የአሳማ ራስ በእንጨት ላይ ሰክቶ ለአውሬው ተወለት። የሚፈራ ሕዝብ ጠባቂ ይሻል፤ እንዲህ ያለው ጠባቂም ፍርሃቱ እንዲያልቅ አይፈልግም። ራልፍን ለመሻር በስብሰባ ድምፅ በጠየቀ ጊዜ ማንም እጁን አላወጣለትም። በኋላ ግን ብዙዎቹ ሥጋው ወዳለበት ተሻገሩ። ፍጻሜውም የሳይመንና የፒጊ መገደል ሆነ።

ሐ/ ያልተቆጠሩት

ራልፍ ቅን ልጅ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ሥራ ቀረበት። በመጀመሪያ ያነደዱት እሳት ጫካውን ሲበላ አንድ ሕፃን ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አላየውም። ራልፍ የስም ዝርዝር እንዲይዝ ፒጊን አዝዞት ነበር፤ ሕፃናቱ እየሮጡ ሲበታተኑ ግን ፒጊ ብቻውን አልቻለም፤ የረዳውም የለም። በመጨረሻ አንድ የባሕር ኃይል መኮንን ደርሶ ስንት እንደ ሆኑ ሲጠይቅ ራልፍ ራሱን ከመነቅነቅ በቀር መልስ አልነበረውም። አለቃው ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ግን እኔ ነኝ አለ። ጃክም አንድ እርምጃ ወደ ፊት አለና ተመልሶ ዝም ብሎ ቆመ።

ይህ ልብ ወለድ ነው፤ የሰው ዕጣ ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ስድስት የቶንጋ ልጆች በጀልባ ወጥተው አታ በምትባል ሰው አልባ ደሴት ቀሩ። ከአንድ ዓመት በላይ ሥራውን ሁለት ሁለት እየሆኑ በተራ ሠሩ፤ እሳታቸውን ጠበቁ፤ ሲጣሉም ቁጣቸው እስኪበርድ ይለያዩ ነበር። በ1966 አውስትራሊያዊው ፒተር ዋርነር ሲያገኛቸው ስድስቱም በሕይወት ነበሩ።

መ/ ለእኛ ሥራ

የመጋዘን ቁልፍና የተረጂዎች መዝገብ የያዘ ሰው፣ ቢወድም ባይወድም፣ የጃክ ቢላዋ በእጁ አለ። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ድርሻ አስቀድሞ በይፋ ይነገር። መዝገቡን አንድ ሰው ብቻውን አይያዘው። ስሙ የተዘለለ ሰው አቤት የሚልበት ቦታ ይኑረው፤ ያም ቦታ ከዘለለው ሰው ሌላ ይሁን። ድርሻውን የሚቀበል ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ይሂድ እንጂ የሰጪው ባለ ዕዳ ሆኖ አይመለስ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በእኛ ቀበሌ ወይም ጉባኤ ዛጎሉን የያዘው ማን ነው? ሥጋውንስ?
2. ራልፍ ከጃክ ሥጋ በመብላቱ ምን አጣ? ባይበላስ ምን ያደርግ ነበር?
3. ዛሬ ስንት እንደ ሆንን ብንጠየቅ እነማንን ሳንቆጥር እንቀር ይሆን?