ያለ ቃል መግባባት

ጥያቄ፦ በሆሳዕና ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች የተውጣጡ አዳዲስ የሥራ ባልደረቦችን ለማቀራረብ፣ በምልክት የማስገመት ጨዋታ ይጠቅማል?

መልስ፦ አንድ ሰው ሳይናገር እየተወነ ሌሎች ቃሉን የሚገምቱበት ይህ ጨዋታ በአግባቡ ከተመራ ይጠቅማል። ሆሳዕና በምትገኝበት፣ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የሥራ ቋንቋው አማርኛ ቢሆንም፣ ሀዲይኛና ከምባትኛ ከኩሽ፣ ጉራጊኛና ስልጢኛ ከሴም፣ የምኛ ደግሞ ከኦሞ የቋንቋ ቤተሰብ ስለሚመደቡ፣ በስብሰባ አማርኛ የሚቀናው ሠራተኛ መድረኩን ሲይዝ ሌላው ዝም ማለቱ የተለመደ ነው፤ ጨዋታው ግን ይህን ብልጫ ለጊዜው ያስቀራል። ለምሳሌ አንዱ ተጫዋች ተቀምጦ፣ አንድ እግሩን ወደ ላይ አንሥቶ፣ በእጁ ወደ ታች የሚፍቅ ቢመስል፣ እንሰት ሲፋቅ እያየ ያደገ የሆሳዕናም ሆነ የከምባታዋ ዱራሜ ልጅ ወዲያው ሲያውቀው፣ ከጤፍ አገር የመጣው ባልደረባ ግራ ይጋባል፤ ከዚያ የሚከተለው ማብራሪያ ከጨዋታው ይልቅ ያቀራርባል። ስለዚህ ቡድኖቹ ከየብሔረሰቡ የተቀላቀሉ ሊሆኑ ይገባል፤ ግራ የሚጋባው እንዳይበዛ ግን አብዛኞቹ ቃላት ቡና መቁላትን የመሰሉ የጋራ ተግባራት ይሁኑ። የብሔረሰብን፣ የሃይማኖትን ወይም የአለቃን አኳኋን ማስመሰል መከልከል፣ መተወን የከበደውንም በገማችነት ማሳተፍ ያስፈልጋል።